ሕግ ለመማር ባሕር ለምትሻገረው ልጄ

ልጄ፣ በልውውጥ ተማሪነት ለአንድ ዓመት ሕግ ልትማሪ ወደ ኔዘርላንድስ እንደምትሄጂ አባትሽ ሲነግረኝ ደስታዬ ወሰን አጣ። መርሳ ተወልዶ፣ ወልድያ ተምሮ፣ የሕግ ትምህርትን አራተኛ ዓመት አድርሶ ለዚህ መብቃት እንደ ዘበት የሚታይ አይደለም። የእናንተ ትውልድ በኮሮና ትምህርት ቤት ተዘግቶበታል። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወልድያ ገብቶ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ግማሹ ተሰዶ ግማሹ ቤቱን ዘግቶ ከርሟል። ከነሐሴ 2015 ወዲህም ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ማመልከቻ የሚልክበት ያጣው ብዙ ነው። ይህን ሁሉ አልፈሽ እዚህ ደርሰሻልና ምስጋናው የአንቺም የወላጆችሽም ነው።

እኔ ዕድሜዬን ወልድያ ላይ በዳኝነትና በጥብቅና የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ በወጣትነቴም ባሕር ማዶ ተምሬ መጥቻለሁ። የማውቀውን በቁጥር እየለየሁ ጽፌልሻለሁ። ቁጥሩ እየመረጥሽ እንድታነቢው እንዲመችሽ ነው እንጂ የክብደት ቅደም ተከተል አይደለም።

1ኛ. የራስሽን ሕግ ሳትይዢ አትሂጂ።

የልውውጥ ተማሪን የሚቀበሉት ሊያስተምሯት ብቻ ሳይሆን ከእሷም ሊሰሙ ነው። መምህሩ ስለ ውል ሲያስተምር ዞር ብሎ «በእናንተስ አገር?» ይልሻል። ያን ጊዜ «ያው ነው» ብለሽ ካለፍሽ ዓመቱን ሙሉ ሰሚ ሆነሽ ትቀሪያለሽ። «ፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1678 ላይ ሦስት ነገር ይጠይቃል» ብለሽ ከጀመርሽ ግን በማግስቱ አጠገብሽ የሚቀመጥ ሰው ታገኛለሽ።

ሕጋችን ከየት ከየት እንደመጣም እወቂ። ፍትሐ ነገሥት በግብፅ ምድር በዐረብኛ ተጽፎ ወደ ግዕዝ የተመለሰ ነው። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ ዋና መነሻቸው የጃፓኑ የሜይጂ ሕገ መንግሥት ነበር። የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የስዊዘርላንዱ ዣን ግራቨን፣ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ አረቀቁት። የንግድ ሕጉን ዣን ኤስካራ ጀምረውት ሲሞቱ አልፍሬድ ዦፍሬ ፈጸሙት። በ1956 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የሕግ ፋኩልቲም የመጀመሪያ ዲኑ አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ። ሬኔ ዳቪድ፣ ሮማውያንና እንግሊዞች ሕጋቸውን በዘመናት ቀስ በቀስ እንደሠሩት ኢትዮጵያ 300 ወይም 500 ዓመት ልትጠብቅ አትችልም ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህም ፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 3347 በውስጡ የተሸፈነውን የቀድሞ ልማድ በአንድ ጊዜ ሻረው። የወረዳሽ የሀብሩ ገበሬ ግን ከዚያ በኋላም ከሽማግሌው አልተለየም። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

ፍትሐ ብሔሩን፣ የ1996ቱን የወንጀል ሕግና ሕገ መንግሥቱን በወረቀት ያዢ። የክልላችንን የቤተሰብ ሕግ አዋጅ 79/1995ን እና የገጠር መሬት አዋጅ 252/2009ን አትርሺ፤ እነዚህን እዚያ አገር መደርደሪያ ላይ አታገኚያቸውም። ከሰበር ችሎት የውሳኔ ቅጾችም ሁለት ሦስቱን ጨምሪ። ሕጋቸው የተጻፈ ሆኖ የጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ቃል የሚከበር ሰዎች ናቸውና ከ1997 ጀምሮ የሰበር ትርጉም በአገራችን ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ መሆኑን ስትነግሪያቸው ጆሯቸውን ይሰጡሻል።

2ኛ. የምታመጪው አንቀጽ ሳይሆን አሠራር ይሁን።

እኔ በደርግ ዘመን ወደ ምሥራቅ ጀርመን ከተላኩት አንዱ ነበርኩ። የሶሻሊስት ንብረት ሕግ፣ የሥራ ሕግ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሕግ ተማርኩ። በጀርመንኛ በቃሌ የያዝኳቸው አንቀጾች ዛሬም አልጠፉኝም። መስከረም 23 ቀን 1983 ዓ.ም. ምሥራቅ ጀርመን ከምዕራቡ ጋር ተዋሐደችና ያ ሕግ ከነመንግሥቱ ቀረ። በዚያው ዓመት ግንቦት 20 ደርግ ወደቀ፤ ከሶቭየት ኅብረት ብዙ የቀዳው የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥትም አብሮት ሄደ። የተማርኩት ሕግ በአንድ ዓመት ውስጥ እዚያም እዚህም የሚሠራበት ቦታ አጣ።

ያልጠፋብኝ ነገር አለ። አንድ አዋጅ ሲሰጠኝ ከትርጓሜው ክፍል ጀምሬ፣ ልዩ ሁኔታዎቹን ለይቼ፣ ወደ ዋናው ድንጋጌ የምመለስበትን አነባበብ የተማርኩት እዚያ ነው። ይህ አንቀጽ ማን ተጎድቶ ተጻፈ፣ ማንን ይጠብቃል፣ ማንን ይረሳል ብሎ መጠየቅንም እንዲሁ። መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሳላነብ ችሎት ላለመግባት የወሰንኩትም በዚያ ዘመን ነው። መንግሥት ቢለወጥም እነዚህ አብረውኝ ኖረዋል። የኔዘርላንድስን የኪራይ ሕግ ቁጥር በቃልሽ ይዘሽ ብትመለሺ መርሳ ላይ ምን ታደርጊበታለሽ? ተከራይና አከራይን ለማመዛዘን የሚሄዱበትን መንገድ ካወቅሽ ግን ነገ የሚጠቅምሽ እሱ ነው።

3ኛ. የዙትፈኗን ሴት ጉዳይ አንብቢ።

ይህን ለብቻው የጻፍኩት ስለምወደው ነው። ዙትፈን በምትባል የኔዘርላንድስ ከተማ፣ ውርጭ በበረታበት ክረምት፣ ምድር ቤት ያለ መጋዘን ውስጥ የውኃ ቧንቧ ፈነዳ። መጋዘኑ ውስጥ ቆዳ ተከምሯል። የቧንቧው መዝጊያ የሚገኘው ፎቅ ላይ በምትኖር ሴት ቤት ነው። እባክሽ ዝጊልን ብለው ለመኗት፤ እምቢ አለች። ውኃው ሲፈስ ቆይቶ ቆዳው ተበላሸና ክስ ተመሠረተ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1910 እ.ኤ.አ. ሴትዮዋ አትጠየቅም ብሎ ፈረደ። ዝጊ የሚላት የተጻፈ ሕግ የለም፤ ስለዚህ ጥፋትም የለም ነው ነገሩ።

ከ9 ዓመት በኋላ በ1919 ሊንደንባውምና ኮኸን የተባሉ ሁለት የማተሚያ ቤት ባለቤቶች ተካሰሱ። ኮኸን የሊንደንባውምን ሠራተኛ በስጦታ ደልሎ የደንበኞቹንና የሥራውን ምሥጢር ሲያስወጣ ነበር። ያው ፍርድ ቤት አሁን ሐሳቡን ለወጠ። በሕግ ያልተጻፈ ቢሆንም አብሮ በመኖር ሰው ለሰው ሊያደርገው የሚገባውን ጥንቃቄ መጣስ ጥፋት ነው፣ ያስክሳል አለ። ዛሬ ይህ ቃል በፍትሐ ብሔር ሕጋቸው 6ኛ መጽሐፍ አንቀጽ 162 ላይ ተጽፎ ታገኚዋለሽ።

ይህን ታሪክ መርሳ ላይ ለአንድ ሽማግሌ ብትነግሪው ምን እንደሚል አንቺም ታውቂያለሽ። «ጎረቤት ሆና? ትካሳ!» ይልና ቡናውን ይቀጥላል። የኛም ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2030 ላይ ከመልካም ጠባይና ከሕዝብ ሰላም ውጭ የሆነን አድራጎት እንደ ጥፋት ይቆጥራል። የነሱ ሕግ አልቆለት የተገኘ ሳይሆን ተሳስቶ፣ ተከራክሮ፣ የገዛ ፍርዱን ሽሮ የተሠራ መሆኑን ከዚህ ጉዳይ ታያለሽ። ይህን ካየሽ እዚያ ክፍል አንገትሽን የሚያስደፋሽ ነገር አይኖርም።

4ኛ. ክፍል ውስጥ ተናገሪ።

እኛ ዘንድ ታላቅ ሲናገር ዝም ማለት ጨዋነት ነው፤ አንቺም እንደዚያ ነው ያደግሽው። እዚያ ግን ዝምታሽን አላነበበችም ብለው ይተረጉሙታል፤ አንዳንዱ ኮርስ ላይ በክፍል መሳተፍሽ ራሱ ውጤት ይያዝበታል። አያቶችሽ በበላ ልበልሃ ዘመን በዳኛ ፊት ቆመው፣ ባላጋራቸውን በጥያቄ እያፋጠጡ ሲሟገቱ የኖሩ ናቸው። አደባባይ ላይ መከራከር ለኛ ባዕድ ነገር አይደለም። መምህሩ ሲጠይቅሽ እንደ ፈተና አትይው፤ ክርክር ላይ ነሽ።

የፈተናው ዓይነትም ግር እንዳይልሽ። አንድ ታሪክ ይሰጡሽና ደንበኛሽን ምን ትመክሪያታለሽ ይሉሻል። ፍሬ ነገሩን ለይተሽ፣ ጭብጥ ይዘሽ፣ ሕጉን ጠቅሰሽ፣ በፍሬ ነገሩ ላይ አውለሽ ትወስኛለሽ። ይህ የወልድያ ዳኞች በየቀኑ የሚሠሩት ሥራ ነው። ከመሄድሽ በፊት ችሎት ገብተሽ ዳኛው ጭብጥ ሲመሠርቱ አድምጪ።

ውጤታቸው ከ10 ነው፤ ማለፊያው 5.5 ነው። 10 የሚባለው እጅግ ብርቅ ነው፤ 8 ያመጣ ተማሪ ጎበዝ ይባላል። 7 ተሰጠኝ ብለሽ እንዳታለቅሺ። ይልቅ ያንን 7 ዩኒቨርሲቲሽ ወደ ራሱ ውጤት እንዴት እንደሚቀይረው ከመሄድሽ በፊት በደብዳቤ አስወስኚ። የአንድ ዓመት ትምህርት በነሱ 60 ክሬዲት ነው። የትኛው ኮርስ ከየትኛው ጋር እንደሚተካካ ዲኑ ፈርመው ማኅተም ያለበት ወረቀት ካልሰጡሽ፣ ዓመቱን ሙሉ ተምረሽ ተመልሰሽ ያንኑ ኮርስ እንደገና ውሰጂ ልትባዪ ትችያለሽ።

5ኛ. የሰው ዓረፍተ ነገር እንደ ራስሽ አድርገሽ አትጻፊ።

ከሀንድአውት ላይ ቃል በቃል ገልብጦ መመለስ አንዳንድ ቦታ እንደ ጉብዝና ሲቆጠር አይተሻል። እዚያ ስርቆት ነው፤ ጽሑፍሽን የሚፈትሽ ፕሮግራም አላቸው፤ ከኮርስ ያስባርራል። ያነበብሽውን መጽሐፍ ዘግተሽ በራስሽ ቃል ጻፊ፤ ምንጩን ከነገጹ ጥቀሺ።

6ኛ. ወረቀትሽን እንደ ጠበቃ አዘጋጂ።

ስምሽ በፓስፖርቱ፣ በልደት ምስክር ወረቀቱና በትምህርት ማስረጃው ላይ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት ተጽፎ እንደሆነ ፊደል በፊደል አመሳክሪ። አንዱ ክፍል ባንዱ፣ ሌላው ክፍል በሌላ አጻጻፍ ያወጣልሻል፤ እዚያ አገር ሁለት ሰው ነሽ ይሉሻል። የልደት ቀንሽም በአንዱ ወረቀት በኛ፣ በሌላው በነሱ አቆጣጠር ተጽፎ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ሲመጣ አይቻለሁ። የልደት ምስክር ወረቀትሽ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎም በኤምባሲው መረጋገጥ አለበት፤ ኔዘርላንድስ ስትደርሺ ማዘጋጃ ቤቱ ሲመዘግብሽ ይጠይቅሻል። እዚያ በአባትሽ ወይም በአያትሽ ስም ይጠሩሻልና አትደንግጪ፤ የፈተና ዝርዝሩም በዚያው ስም ይወጣል። የሁሉንም ቅጂ ለእናትሽ ተዪላት፤ አንዱንም በኢሜይልሽ አስቀምጪ። በ2014ቱ ጦርነት ብዙ መሥሪያ ቤት ፋይሉ ተበትኗል፤ ማስረጃው የጠፋበት ሰው የደረሰበትን እንግልት አንቺም ሰፈርሽ ውስጥ አይተሻል።

ስትሄጂ መንገድሽ በውርጌሳ አድርጎ ውጫሌን ያልፋል። ይስማ ንጉሥ ላይ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 የተፈረመውን ውልና በአማርኛና በጣሊያንኛ ለየቅል የተጻፈውን አንቀጽ 17ን ከልጅነትሽ ጀምሮ ሰምተሻል። ከዚያ መንደር አቅራቢያ የተወለደች የሕግ ተማሪ የማታውቀውን ቋንቋ የያዘ ወረቀት ዝም ብላ መፈረም አይገባትም። የቤት ኪራይ ውል በደች ቋንቋ ብቻ ከሰጡሽ የእንግሊዝኛውን ጠይቂ፤ ቅድሚያ ክፍያው የሚመለስ መሆኑን፣ ውሉ በስንት ጊዜ ማስጠንቀቂያ እንደሚቋረጥ ለይተሽ እዪ። የስኮላርሺፑንም ስምምነት እንደዚሁ። ተመለሺ የሚል ግዴታ ካለበት ከመፈረምሽ በፊት እወቂው። ነገ ወደ ቺቭኒንግ ብታመለክቺ ሁለት ዓመት አገርሽ ተመለሺ የሚል ሁኔታ አለው፤ ፉልብራይትም እንዲሁ።

መንገዱ በዚህ ዘመን ሲከፈት ሲዘጋ ነውና ከበረራሽ ቀን ብዙ አስቀድመሽ ተነሺ።

7ኛ. እናትሽ ቅቤ ልታስይዝሽ ብትል እምቢ በያት። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ንጥር ቅቤም ቋንጣም ኤርፖርት ላይ ይቀራል። በርበሬ፣ ሽሮና በሶ ያዢ። የሰዓት አቆጣጠራቸውንም ልብ በይ፤ ትምህርት 9 ሰዓት ይጀምራል ሲሉሽ በኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት በዚህ የተነሳ ክፍል ያመለጠው ተማሪ ጥቂት አይደለም።

8ኛ. የሀብሩን ሽማግሌ ይዘሽ ሂጂ።

ከዚህ ሁሉ ምክር እጅግ የምለምንሽ ይህንን ነው። እዚያ የጥናት ጽሑፍ እንድትጽፊ ይጠይቁሻል። ብዙ የኛ ልጆች ስለ አውሮፓ ፍርድ ቤት ይጽፋሉ፤ እዚያ ያለ ተማሪ ከነሱ አሥር እጥፍ የተሻለ ማስረጃ ያለውን ነገር። አንቺ ደም ስለሚያደርቀው የሽምግልና ሥርዓታችን፣ ስለ አበጋር ጻፊ።

ከጊራና ወዲያ አንድ ደም ሲደርቅ ተገኝቻለሁ። ዋርካ ሥር የገዳይ ወገን በአንድ በኩል፣ የሟች ወገን በሌላ በኩል ተቀምጧል፤ መሐሉ ባዶ ነው። ማንም ከሌላው ወገን ውኃ አይቀበልም። አበጋሩ ዱዓ አድርገው ሲጨርሱ ሽማግሌዎቹ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው እየተመላለሱ ነገር ያደርሳሉ፤ ባለጉዳዮቹ ፊት ለፊት አይነጋገሩም። ረፋዱ ላይ የሟች ታናሽ ወንድም ተነስቶ ሊሄድ ሲል አንድ አዛውንት ነጠላውን ያዝ አድርገው አስቀመጡት፤ ምንም አልተናገሩትም። ጥፋቱ ታመነ፣ ካሳው በስንት ጊዜ እንደሚከፈል ተቆረጠ፣ መሐላ ተፈጸመ፣ ከብት ታረደ። ሁለቱ ወገኖች ከአንድ መሶብ ሲቆርሱ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እዚያው ነበር፤ የወሎ ነገር እንዲህ ነው።

ፍርድ ቤታችን ነፍሰ ገዳይን ይቀጣል፤ የሟች ወንድም ግን እስሩ እስኪያልቅ ቆጥሮ ይጠብቀዋል። ያንን ጥበቃ የሚያስቆመው ዋርካው ሥር የተደረገው ነው። በራያ ቆቦም ዘወልድ የሚባል ተመሳሳይ ሥርዓት አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ለባህላዊና ለሃይማኖታዊ ሕግ በር የከፈተው በግልና በቤተሰብ ጉዳይ፣ ያውም በተከራካሪዎች ፈቃድ ነው፤ ስለ ነፍስ ግድያ ምንም አይልም። በተጻፈው ሕግና ዋርካው ሥር በሚሆነው መካከል ያለው ይህ ክፍተት ለአንድ የሕግ ተማሪ ዕድሜ ልክ የሚበቃ ጥያቄ ነው። የዙትፈኗን ሴት ጉዳይ ከሽማግሌው ፍርድ ጎን አድርገሽ ብትጽፊው መምህሮችሽ ከወንበራቸው ይነሳሉ።

ነገር ግን እውነቱን ሳታሳምሪ ጻፊ። እኔ በተገኘሁባቸው ሽምግልናዎች ሴት ከሽማግሌዎቹ መካከል ተቀምጣ ስትፈርድ አላየሁም። ልማድ በሴት ላይ ምን ሊያደርግ እንደሚችልም አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለችው የ14 ዓመት ልጅ፣ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የመሠረቱት የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተከራክሮላት ነፃ ወጣች፤ በ2014 እ.ኤ.አ. «ድፍረት» የተባለው ፊልም የተሠራውም በዚያ ታሪክ ላይ ነው። ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ይድናል ይል የነበረውን ድንጋጌ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አስቀርቶታል። ሽማግሌዎቹን ስታከብሪ ይህንንም አብረሽ ያዢ።

ቤተ መጻሕፍታቸው ስትገቢም ከ1956 ወዲህ የታተሙትን የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት የመጀመሪያ ቅጾች፣ የክርዜቹኖቪችን ከውል ውጭ ኃላፊነት መጽሐፍ፣ የሴድለርን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ፈልጊ። ወልድያ ላይ ለማግኘት የምንቸገራቸው ናቸው፤ አባ ጳውሎስ ጻድዋ ወደ እንግሊዝኛ የመለሱትን ፍትሐ ነገሥትም ከተገኘ ተመልከቺው።

9ኛ. ስለ ጦርነቱ ሲጠይቁሽ እንደ ምስክር ተናገሪ።

መጠየቅሽ አይቀርም። አንዳንዱ በቅንነት ይጠይቃል፤ አንዳንዱ ወገን ሊያስይዝሽ ነው። ከኛው ከኢትዮጵያውያንም እዚያ ተከፋፍሎ የሚጠብቅሽ አለ። በዓይንሽ ያየሽውን ለብቻ፣ ከሰው የሰማሽውን ለብቻ፣ የገመትሽውን ለብቻ አድርጊ። ያየሽውን ያለ ጭማሪ ንገሪ፤ የሰማሽውን ከማን እንደሰማሽ ንገሪ፤ ግምትሽን ግምት ነው በይ። የሌላው ወገን እናትም ልጇን እንደቀበረች አትርሺ። የሰብዓዊ መብት ሕግና የጦርነት ሕግ ኮርስ ካለ ውሰጂ። በ1949 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ ስምምነቶች የተጻፈውን አንቺ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከወልድያ ሆስፒታል በር ታውቂዋለሽ። ካመመሽ ደግሞ ዛሬ አልናገርም የማለት መብት አለሽ፤ ማንም ሊያስገድድሽ አይችልም።

10ኛ. ሄግን እዪ።

ከምትማሪበት ሆነሽ በባቡር የምትደርሺበት ነው። በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት የቃል ክርክር ሕዝብ ገብቶ ይሰማል። ያ ፍርድ ቤት ውስጥ በጥቅምት 1953 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን ከሰው ነበር፤ ዛሬ ናሚቢያ በምትባለው አገር ላይ ስለዘረጋችው አፓርታይድ። ስድስት ዓመት ያህል ከተከራከሩ በኋላ በሐምሌ 1958 ዳኞቹ እኩል ለእኩል ተከፈሉና በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ክሱ ውድቅ ሆነ፤ ከሳሾቹ በጉዳዩ የሕግ ጥቅም አላሳዩም ተባለ። በ1971 እ.ኤ.አ. ግን ያው ፍርድ ቤት ደቡብ አፍሪካ ናሚቢያ ውስጥ መቆየቷ ሕገ ወጥ ነው ሲል አስተያየት ሰጠ። ለሌላ አገር ሕዝብ ብለን የተሟገትንበት አዳራሽ ነውና ቆመሽ እዪው። ባሕር ማዶ ሕግ ተምረው ለአገራቸው የተሟገቱ ከአንቺ በፊትም ነበሩ፤ ጃንሆይ በ1928 ጄኔቫ ላይ ያደረጉትን ንግግር በማዘጋጀት የተሳተፉት ሎሬንሶ ታዕዛዝ ሞንፔልዬ ሕግ የተማሩ ነበሩ፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላ አገሪቱን በየጉባኤው የወከሉት አክሊሉ ሀብተ ወልድም ፓሪስ ሕግ ያጠኑ ናቸው። ትምህርታቸው በዚያ በጭንቁ ቀን ጠቅሟል።

11ኛ. ስለ መመለስ።

እዚያው ቅሪ የሚልሽ አይጠፋም፤ ከዘመዶችሽም ጭምር። አልፈርድባቸውም፤ ያየነውን አይተዋል። አንቺ ግን በልውውጥ የሄድሽ ነሽ፤ ዲግሪሽ ያለው እዚህ ነው። ለዓመት የወሰድሻቸው ኮርሶች እዚያ ጠበቃ አያደርጉሽም። ተመልሰሽ አምስተኛ ዓመትሽን ጨርሺ፣ የመውጫ ፈተናውን ውሰጂ፣ ፈቃድሽን አውጪ፤ ከዚያ ለማስተርስ የትም ብትሄጂ በሙሉ እግርሽ ትቆሚያለሽ። ከአውሮፓ ሌላ ምርጫ መኖሩንም አትዘንጊ። ፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የሰብዓዊ መብትና የዴሞክራሲ ማስተርስ የዓመቱን ሁለተኛ አጋማሽ በሌሎች የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ያስተምራል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም አንዱ ነው። የአፍሪካን ሕግ ከአፍሪካውያን ጋር መማር ለኛ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ከአውሮፓው ይቀርባል ብዬ አምናለሁ።

የተግባር ልምምድሽን አዲስ አበባ አታድርጊው። ጓደኞችሽ ሁሉ ወደዚያ ይሮጣሉ። አንቺ መርሳ፣ ሀብሩ ወረዳ ፍርድ ቤት ግቢ። የመሬት ክርክር ያለባቸው ሰዎች የይዞታ ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ጠዋት በር ላይ ይቆማሉ፤ አብዛኞቹ ባላቸው የሞተባቸው ሴቶች ናቸው፤ ጠበቃ የሚከፍሉበት የላቸውም፤ ክሳቸውን የሚጽፍላቸው ራፖር ጸሐፊ አንዳንዴ የድንበሩን አዋሳኝ ሳይጠይቅ ይጽፈውና በዚያ የተነሳ ይረታሉ። ክስ ስትጽፊላቸው በሰሜን፣ በደቡብ፣ በምሥራቅ፣ በምዕራብ የሚያዋስናቸውን ሰው ስም መጀመሪያ ጠይቂ፤ የምስክሮቻቸውን ስም ከነቀበሌያቸው መዝግቢ፤ ደብተሩን ራስሽ ገልጠሽ ካርታውን እዪ። ወረቀቱን ጨርሰሽ ስታበቂም ቁጭ ብለሽ አንብቢላቸውና የተጻፈው እነሱ ያሉት መሆኑን ከአፋቸው ስሚ።